የቄጤማ ውሃ፦ ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ የያዝኩት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 6፣ 2017 ዓ.ም.

ቄጤማ እኛ ቤት ከገባ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። የየመን እስስት ነው፣ ወንድ፣ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት አለው። ጎረቤታችን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካናዳ ሲሄድ ከነወንፊት ቤቱና ከነመብራቱ ለእኔ ሰጠኝ። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። "ቄጤማ ይመስላል" አለች፣ በዚያው ጸና።

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ስላሰጋኝ ነው። በእነዚህ ስምንት ቀናት ውሃ ሲጠጣ አንድም ጊዜ አላየሁትም። ጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ ወለሉ ላይ አስቀምጬለታለሁ። ውሃውን በየቀኑ እቀይራለሁ። እሱ ግን አጠገቡም አይደርስ። ቦታ እየለመደ ነው ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ኩሱን ሳጸዳ ደነገጥኩ። የእስስት ኩስ ሁለት ክፍል አለው። ቡናማው ሰገራው ነው፣ ነጩ ደግሞ ሽንቱ። እንደ እኛ ፈሳሽ ሽንት የላቸውም፤ ውሃ ላለማባከን ሰውነታቸው ቆሻሻውን ወደ ዩሪክ አሲድ ቀይሮ እንደ እርጥብ ኖራ አድርጎ ያወጣዋል። ይሄ ክፍል ነጭ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢታይ አያስጨንቅም። የቄጤማ ግን ከዳር እስከ ዳር ብርቱካንማ ነበር፣ ደርቆም እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ዓይኑንም ቀረብ ብዬ ሳየው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል።

ሳህን ሙሉ ውሃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ ጠምቶታል። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፣ 121 ግራም።

ታኅሣሥ 8

ሁለት ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እስስት የቆመ ውሃን እንደ መጠጥ ውሃ አያየውም ማለት ይቻላል። ዛፍ ላይ የሚኖር ነው። የሚጠጣው ቅጠል ላይ የተኛ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ዓይኑን የሚስበው የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ጠብታ ነው። ሳህኑን ዛሬውኑ አነሳሁት። ለምግብ የምሰጠው ፌንጣ እየሰመጠበት፣ እሱም ከላይ ሆኖ እየተጸዳዳበት የባክቴሪያ ማራቢያ ከመሆን በቀር ያተረፈልን ነገር የለም።

ጸጉር ቤት የሚጠቀሙበትን የሚረጭ ጠርሙስ በ180 ብር ገዛሁ። ወዲያው አጠገቡ ቆሜ ረጨሁበት። ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ቀለሙም ጠቆረ። ፊቱ ላይ መርጨቴ ትልቅ ስህተት ነበር። ያስደነግጠዋል። ከዚያም አልፎ አፉ ውስጥ በግድ የገባ ውሃ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ልጨምርለት ብዬም አስቤ ነበር፤ በዚሁ ምክንያት ተውኩት።

ታኅሣሥ 12

መርካቶ ሄጄ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ፣ 850 ብር። ቤቱ ውስጥ ሰቀልኩት። ቀን 27 በመቶ፣ ሌሊት 41 በመቶ። በጋ ነው፣ እኛ ደግሞ አራት ኪሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል። ለካ ከንፈራችን የሚሰነጠቀው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ ሰዓት ይዤ ሞከርኩ። ቅጠሎቹን በደንብ ረጨሁ፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ እርጥብ ሆነው እንደሚቆዩ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ደቂቃ። አምፖሉ ስር ያሉት አራት ደቂቃም አልቆዩ። ቄጤማ ደግሞ ሰው ሲጠጋው ደንግጦ ይደርቃል፣ ከድንጋጤው ለመመለስ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። እሱ ተረጋግቶ ምላሱን ሊያወጣ ሲል ውሃው የለም። ቅጠሎቹ ራሳቸው የፕላስቲክ ናቸው፣ ጠብታ አይዙም፣ ተንሸራቶ ይወርዳል።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ብዙ ውሃ ሳይሆን ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚመጣ ውሃ ነው።

ታኅሣሥ 15

የግሉኮስ ቱቦ! እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት አንብቤ ነበር። ሰፈር ካለው ፋርማሲ በ65 ብር ገዛሁ። ፋርማሲስቷ "ማን ታሞብሽ ነው?" አለችኝ። እስስት ነው ስላት ትንሽ ዝም አለችና የጠብታውን ፍጥነት የምትቆጣጠረዋን ትንሽ ተሽከርካሪ እንዴት እንደማስተካክል አሳየችኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላይ በጋለ ሚስማር ቀዳዳ፣ የቱቦው ሹል ጫፍ እዚያ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ተገልብጦ ከላይ ይሰቀላል። ቂጡ ላይ አየር ማስገቢያ ካልበሳችሁ ጠርሙሱ እየተጨማደደ ይሄድና ይቆማል። እኔ ያንን ያወቅሁት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። መርፌው አያስፈልግም፣ አውጥታችሁ ጣሉት። ፍጥነቱን በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ አደረግሁት። ጠብታው ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው እየዘለለ እንዲወርድ አድርጌ አስተካከልኩና ከክፍሉ ወጣሁ።

እሱ ሰው እያየው አይጠጣም። በሩን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አየው ጀመር። 34 ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ አንዱ ዓይኑ ወደ ጠብታው ዞረ። ቀጥሎ ሁለቱም። ቅርንጫፉን ይዞ ዝቅ አለና ቅጠሉን ላሰ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ አፉን ከጠብታው ስር ከፍቶ ጉሮሮው ወጣ ገባ እያለ ይጠጣ ጀመር። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ። እናቴን በእጄ ጠራኋት፣ እሷም በስንጥቁ አይታ "እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" አለች በሹክሹክታ።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ የጻፍኩት በእርጥብ እግር ነው። ጠርሙሱን በየቀኑ መሙላት ሰለቸኝና ቱቦውን ሃያ ሊትር ጀሪካን ላይ ገጠምኩት። ወደ ሥራ ሄድኩ። ተሽከርካሪዋ በውሃው ክብደት ላልታ ይሁን ቱቦው ተነክቶ አላውቅም፣ ጠብታው ወደ ጅረት ተቀይሮ ጀሪካኑ ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ማታ ከታች ያሉት እማማ መጡ። "ልጄ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል እኮ፣ ቧንቧ ፈንድቶባችሁ ነው?" አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ወርጄ አየሁት፣ ኮርኒሳቸው ላይ ትሪ የሚያክል ቡናማ ክብ ወጥቷል። ለቀለም 1,500 ብር ከፈልኩ። አልቆጡኝም፣ ግን አፈርኩ።

ከዛሬ ጀምሮ የማልጥሰው ደንብ፦ ከላይ የሚሰቀለው ውሃ ከታች ካለው መያዣ አይበልጥም። የቄጤማን ቤት ወለል በመሰርሰሪያ ብዙ ቦታ በሳሁት፣ ከስሩ ሰፊ ሳፋ (400 ብር) አስቀመጥኩ። ሳፋው አሥር ሊትር ይይዛል፣ ጠርሙሱ ሁለት። ይሄ የእማማንም ኮርኒስ የእኔንም እንቅልፍ ይጠብቃል።

ታኅሣሥ 24

የፕላስቲክ ቅጠሉን ሁሉ አወጣሁ። ቀበና ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ አንድ ትልቅ ፊከስ በ900 ብር፣ አንድ ፖቶስ በ350 ብር አመጣሁ። የየመን እስስት ቅጠልም ይበላል፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ከሆነ መርዝ አጎረስኩት ማለት ነው። ሁለቱንም ቅጠል በቅጠል አጠብኩ፣ አፈሩን ቀየርኩ፣ ከላይ ጠጠር ደረደርኩበት። ሳምንት በረንዳ ላይ ለብቻቸው ቆይተው እንደገና ታጥበው ይገባሉ።

ጥር 3

እውነተኛ ቅጠል ሌላ ነገር ነው። ፊከስ ጫፉ ሹል ስለሆነ ጠብታው እዚያ ላይ ይንጠለጠላል፣ ያበራል። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት አንጠባጥባለሁ። ኩሱ ወደ ነጭነት ተመልሷል፣ ጫፉ ብቻ ቢጫ። ክብደቱ 127።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ጠዋት ሲነቃ ዓይኑ አሁንም ትንሽ የገባ ነው። ከጠጣ በኋላ ይሞላል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እያጣ ያድራል ማለት ነው። ቀን የምሰጠውን ሌሊቱ ይወስድብኛል።

ሌላው ችግር የቧንቧ ውሃ ነው። የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት። ገላ መታጠቢያ ቤት ከነተክሉ አስገብቶ ሻወሩን ግድግዳ ላይ ከፍቶ ፍንጣሪው እንዲደርሰው ማድረግ የሚባል ዘዴ አለ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኛ ቤት ግን አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ሻወር የሚወስደው ውሃ የኛ የሦስት ቀን ነው።

ጥር 10

ይሄን ገጽ መጻፍ ከብዶኛል። የሌሊቱን ድርቀት ለመከላከል ብዬ ቤቱን በአራቱም ጎን በላስቲክ ጠቀለልኩት (120 ብር)። መለኪያው 85 በመቶ ሲል ደስ አለኝ። ቀንም ሌሊትም 85። ሳልፈታው አራት ቀን ቆየሁ።

ትናንት ስከፍተው የሻገተ ሽታ ወጣ። ቄጤማ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ነበር፣ አፉ ዳር ላይ ትንንሽ አረፋ። ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩትና በጫማ ካርቶን አድርጌ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ በአብዛኛው ውሻና ድመት ነው የሚያክሙት፣ ግን በትዕግሥት አዩት፣ መጽሐፍ አውጥተው ጭምር። "የታፈነ እርጥብ አየር ነው የጎዳው፣ ሳንባው ላይ ገና አልወረደም" አሉኝ። "ላስቲኩን አንሺ፣ ሙቀቱን ጠብቂለት። በአምስት ቀን ካልተሻለው መልሰሽ አምጪው፣ ያኔ መድኃኒት እንጀምራለን።" 600 ብር።

ስንወጣ በር ላይ የነገሩኝን እዚሁ ልጻፍ፦ "ቀን ይድረቅለት፣ ሌሊት ይርጠብለት፣ አየሩ ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ።" እኔ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው። 85 በመቶ ንፋስ በሚነካው ዛፍ ላይና 85 በመቶ በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ አንድ አይደሉም። ሙቀት፣ እርጥበትና የቆመ አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጋታና ባክቴሪያ ነው የሚበቅለው።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ጃንሜዳ ሄድኩ። ጸበሉ በጎማ ወደ ሕዝቡ ሲረጭ ከሩቅ ቆሜ ነበር፣ እና እኛ ጋ የደረሰው በጅረት አልነበረም፣ እንደ ካፊያ ሆኖ ነው። ፊቴ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ፣ ቆየ። እዚያው ቆሜ ስለ ቄጤማ አሰብኩ። እስከ ዛሬ የሰጠሁት ጠብታ ነው። ጠብታ ጥማት ይቆርጣል። ቅጠሉን ሁሉ፣ ቆዳውን፣ ዓይኑን የሚያርስ ግን ካፊያ ነው። እስስት ዓይኑን የሚያጥበውም እንደዚያ ባለ ረጅምና ስስ ውሃ ነው፤ ጉልላት ዓይኑን እያዞረ፣ እያበጠና እየተሸበሸበ ቆሻሻውን ያወጣል።

አረፋው ዛሬ የለም። ጭንቅላቱም ዝቅ ብሏል። ተመስገን።

ጥር 25

የመርጫው ሥራ አለቀ። የገዛሁት፦ የውሃ ማጣሪያ ላይ የሚገጠም ትንሽ ፓምፕ 2,600 ብር፣ 12 ቮልት አዳፕተር 450፣ አምስት ሜትር ቀጭን ቱቦ 250፣ ፊቲንግ 300፣ አራት ኖዝል (ውሃውን እንደ ካፊያ የሚረጨው ጫፍ) በ480፣ ዲጂታል ታይመር 1,100። በጠቅላላ 5,180። ከዚህ በፊት አራት ርካሽ ኖዝል በ240 ብር ገዝቼ ነበር፤ እነሱ ካፊያ ሳይሆን የውሃ ሽጉጥ ናቸው፣ ፖቶሱን ቀደዱት። ሻጩ ጋ ስትሄዱ ፓምፑን አስነስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ታይመር ስትገዙ ደግሞ ልብ በሉ። ያ ክብ፣ በእጅ የሚዞረው ታይመር ከሩብ ሰዓት በታች አይሠራም። ሩብ ሰዓት መርጨት ጎርፍ ነው። በሰከንድና በደቂቃ የሚቆጥር ያስፈልጋል።

አንድ ስህተት ሦስት ቀን አቆመኝ። ጀሪካኑን ለመሙላት እንዲመች ብዬ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ፓምፑ ከቆመ በኋላ እንኳ ኖዝሎቹ ሌሊቱን ሲያንጠባጥቡ አደሩ። ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ያየው ወንድሜ ነው። ውሃው ከኖዝሉ በላይ ስለሆነ ፓምፕ ኖረም አልኖረም ራሱ ይወርዳል። ጀሪካኑን መሬት ላይ አወረድነው፣ ቆመ። የመምጠጫው ጫፍ ላይ ሁለት እጥፍ ሻሽ አሰርኩበት፣ ቆሻሻ እንዳይገባ።

ዕቅዱ፦ መብራቱ ከመበራቱ በፊት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ። ቀን የለም። ቀን የግሉኮሱ ጠብታ ብቻ።

የካቲት 1

አምፖል ፈነዳ። ታይመሩን የሞላው ወንድሜ ነበር። ማለዳ 12 ሰዓት ብዬ ስለነገርኩት 12:00 ብሎ ጻፈ፣ ማታ 1 ሰዓት ስላልኩት ደግሞ 01:00። ታይመሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቄጤማ ሙቀት እየሞቀ ሳለ ቀዝቃዛው ካፊያ ወረደ። የጋለው አምፖል ላይ ሲያርፍበት ጧ አለ። ቤት የነበረችው እናቴ ናት፣ ደንግጣ ደወለችልኝ። ብርጭቆው ወንፊቱ ላይ ቀረ፣ እሱ አልተነካም። ሌላ አምፖል 250 ብር።

አሁን ታይመሩ ላይ በወረቀት ጽፌ ለጥፌበታለሁ፦ ማለዳ 12 = 06:00፣ ማታ 1 = 19:00። አምፖሉንም ከወንፊቱ ራቅ አደረግሁት፣ የኖዝሎቹንም አቅጣጫ ከሱ አዞርኩ።

የካቲት 9

ከአራቱ ኖዝሎች ሁለቱ ተደፈኑ። ከፍቼ ሳያቸው ነጭ ቅርፊት። ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ውሃ የሚመጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛል፣ ለመጠጥ ክፋት የለውም፣ ለመርፌ ቀዳዳ ግን ጠላት ነው።

ኖዝሎቹን አቼቶ ውስጥ አሳደርኳቸው፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ጠረግኋቸው፣ አዲስ ሆኑ። ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ። ውሃውንም አፍልቼ፣ ሌሊቱን አሳድሬ፣ ዝቃጩን ትቼ በነጠላ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። ሲፈላ ከማዕድኑ ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክሎሪኑም ይወጣል።

አንድ ጓደኛዬ የባትሪ ውሃ ተጠቀሚ አለኝ፣ ማዕድን ስለሌለው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ነዳጅ ማደያ ጎን የሚሸጠው ዕቃ ቀድሞ ምን እንደነበረበት በምን አውቃለሁ? አሲዱም የሚሸጠው እዚያው ነው። ለሚጠጣ እንስሳ አልሞክረውም።

የካቲት 16

ወደ ሌሊቱ ጥያቄ ተመለስኩ። የሚቀረኝ ጉም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስስት ተኝቶም ይተነፍሳል። አየሩ ደረቅ ከሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሰውነቱ ጥቂት ውሃ ይዞ ይወጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ። አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ያ ኪሳራ በጣም ይቀንሳል። በትውልድ አገሩ፣ በየመን ምዕራባዊ ተራሮችና በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ፣ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊት ጉምና ጤዛ አለ። የእኛም አገር አንዳንድ እስስቶች እንዲሁ ናቸው። ባሌ ውስጥ ስሙን ከሐረና ጫካ ያገኘ እስስት አለ፣ ያ ጫካ ደግሞ ጉም የማይለየው ነው። እኔ ለቄጤማ ቀን ቀን ዝናብ ስፈልግለት ነበር። የጎደለው ሌሊቱ ነው።

ለሳል የሚጠቀሙበት ቀዝቃዛ ጭጋግ የሚያወጣ ማሽን በ2,900 ብር ገዛሁ። የሚያፈላ ዓይነቱ እንዳይሆን፣ እሱ ሙቅ እንፋሎት ነው፣ ያቃጥላል። ከአፉ ላይ የወጣውን ጉም በሰፊ ቱቦ ወደ ቤቱ አናት ወሰድኩት። ጉም ከባድ ስለሆነ ራሱ እየተንሳፈፈ በቅጠሎቹ መሃል ይወርዳል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ሩብ ሰዓት ያርፋል። ላስቲክ የለም፣ ወንፊቱ ክፍት ነው።

ክፍሉ በዚያ ሰዓት 16 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ለአንድ ጊዜ ጠቀመን። ሌሊቱ ሞቃት ቢሆን ኖሮ ጉሙን አልደፍረውም ነበር።

የካቲት 24

ስምንት ሌሊት። ጎህ ሲቀድ መለኪያው 92 በመቶ፣ ቀን አራት ሰዓት ላይ 35 በመቶ። ልክ እንደ ተራራ። ጠዋት ሲነቃ ዓይኑ ሙሉ ነው፣ ክብ፣ የተነፋ። የፊከሱ ቅጠል ላይ ጤዛ ተኝቶ እኔ ከመነሳቴ በፊት ልሶ ጨርሶታል፣ የምላሱ መንገድ ቅጠሉ ላይ ይታያል። ኩሱ ነጭ፣ ለስላሳ። 134 ግራም።

ግሉኮሱ ስር አሁን ብዙም አይመጣም። መጀመሪያ ሰጋሁ። ከዚያ ገባኝ። አልጠማውም።

አንድ ጉድለት፦ ማሽኑ የቧንቧ ውሃ ስሞላበት ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ያንን ዱቄት እሱም እኔም እንተነፍሰዋለን። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የምሞላው ማዕድኑ የተጣራለት ውሃ ብቻ ነው። በየሦስት ቀኑም በአቼቶ ይታጠባል፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ እስኪደርቅ ይቀመጣል። ያልታጠበ ማሽን ጉም ሳይሆን ጀርም ነው የሚነፋው።

መጋቢት 11

መብራት ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ የለም። ፓምፑም፣ ጉሙም፣ ታይመሩም ቆሙ። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ የቀረኝ የ65 ብር የግሉኮስ ቱቦ ነው። እሱ መብራት አይጠይቅም። ማታ ማታ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ፎጣ አርሼ በወንፊቱ ሁለት ጎን፣ ከፊትና ከኋላው አየር እንዲያልፍ ትቼ ሰቀልኩ። 44 የነበረው ወደ 57 በመቶ ወጣ። ጉም አይደለም፣ ግን ሁለት ሌሊት ያሳልፋል።

ሙቀት መሞቂያው አምፖልም ስለጠፋ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ አወጣሁት። እማማ ከታች ቀና ብለው አዩትና "ጠጣልሽ ወይ?" አሉኝ። ከዚያ ጎርፍ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው።

ታይመሩ መብራት ሲመለስ ሰዓቱን ረስቶ ከዜሮ ጀመረ። ባትሪ ያለው ብገዛ ይሻል ነበር። አሁን መብራት በመጣ ቁጥር እየሄድኩ አስተካክላለሁ።

መጋቢት 20

ስለ ፌንጣ አጭር ነገር። ውሃ በምግብም ይገባል። የደረቀ ፌንጣ የደረቀ ምግብ ነው። አሁን ለቄጤማ ከመስጠቴ በፊት ፌንጣዎቹን አንድ ቀን ሙሉ ጎመንና ካሮት አበላቸዋለሁ። ቤት ውስጥ የተገኘ በረሮ በጭራሽ አልሰጠውም፣ ማን መርዝ እንደረጨበት አይታወቅም።

የሰፈር ልጆች ከጉለሌ ጫካ ሌላ እስስት ይዘን እናምጣልሽ አሉኝ፣ ጓደኛ እንዲሆነው። አይሆንም አልኳቸው። እስስት ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ሌላ ሲያይ ይጨነቃል። የጫካው ደግሞ ጉሙም ጤዛውም እዚያው አለው፣ ምን ጎደለው?

ሚያዝያ 15

ለፋሲካ ሦስት ቀን ደብረ ብርሃን ነበርን። ወንድሜ ቀርቶ ጠበቀው። የጻፍኩለት ወረቀት ላይ አምስት መስመር ብቻ ነበር፣ የመጨረሻው "ኩሱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" ይላል። በፋሲካ ማግስት ጠዋት ፎቶው ደረሰኝ። ነጭ።

ሰኔ 22

ክረምት ገባና ሥራው ተገለበጠ። ቤቱ ውስጥ ያለምንም ማሽን ቀን 68፣ ሌሊት 85 በመቶ ነው። ፀሐይ የለም፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥቡ አይደርቅም። የፖቶሱ ግንድ ስር ሻጋታ አየሁ። የጥር ወሩ አረፋ ትዝ አለኝና ጉሙን ነቀልኩ። የማታውን ካፊያ አቆምኩ፣ የማለዳውን ወደ አንድ ደቂቃ ቀነስኩ። መሞቂያ አምፖሉን በሁለት ሰዓት አረዘምኩ። ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ከክፍሉ ጥግ ላይ አድርጌ አየሩ እንዲንቀሳቀስ አደረግሁ፣ እሱ ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ አዙሬ።

በጋ ላይ የሠራው መርሐ ግብር ክረምት ላይ ይገድላል። ሁለት ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ አንዱ የበጋ፣ አንዱ የክረምት።

አንድ ጥሩ ነገር፦ የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ሳይነካው፣ ንጹህ ሳፋ አውጥቼ አጠራቅማለሁ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዝናብ እደፋዋለሁ፣ አቧራና ጭስ አጥቦ ስለሚወርድ። ኖዝሎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላም አልተደፈኑም።

ሐምሌ 6

ሒሳብ። መርጫ ጠርሙስ 180፣ መለኪያ 850፣ ግሉኮስ 65፣ ቀለም 1,500፣ ሳፋ 400፣ ተክል 1,250፣ ላስቲክ 120፣ ሐኪም 600፣ ፓምፑና ዕቃው 5,180፣ የማይረቡ ኖዝሎች 240፣ አምፖል 250፣ የጉም ማሽን 2,900። ድምር 13,535 ብር፣ አቼቶና ሻሽ ሳይቆጠር። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ በመጀመሪያው ቀን መለኪያ፣ ግሉኮስና ሁለት እውነተኛ ተክል ግዛ እለዋለሁ፣ 2,165 ብር ነው። ቀጥሎ የጉሙን ማሽን። ፓምፑ መጨረሻ ይምጣ፣ እኔ ተቃራኒውን ነው ያደረግሁት።

ክብደቱ 139።

ሐምሌ 13

ዛሬ ማለዳ ፓምፑን አላስነሳሁም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፣ መስኮቱ ትንሽ ክፍት ነበር፣ ፊከሱ ላይ ጤዛው ራሱ ወርዷል። መብራቱን ላበራ ስገባ ቄጤማ ነቅቶ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ በሩን ገርበብ አድርጌ ልወጣ ስል አንዱ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። ቆምኩ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆየ፣ ሌላኛው ቅጠሉን ይፈልጋል። ከዚያ የፊተኛውም ከእኔ ተነሳና ወደ ቅጠሉ ዞረ።

ክፍሉ ውስጥ ቆሜ እያየሁት ጠጣ።